ከግራናው ድንጋይ ላይ የፋቅሁት

ይህን ነገር ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለሚስቴ አልነገርኩም። ለነፍስ አባቴም አልነገርኩም። በየዓመቱ ከፊታቸው ተንበርክኬ ቁጣዬን፣ ስንፍናዬን፣ በጾም የበላሁትን እንቁላል ሳይቀር ስዘረዝር ይህችን አንዷን ዘልዬ አልፋታለሁ። «ሌላስ?» ይሉኛል። «ሌላ የለም አባ» እላለሁ። እናንተ ከመርሳ ወይም ከወልድያ ሰፈር ከሆናችሁ «ሞላ የጻፈው የግሪክ ጽሑፍ» ሲባል ሰምታችሁ ስቃችሁ ይሆናል፤ ታሪኩን የምታውቁትም ይመስላችኋል። የምታውቁት የሚያስቀውን ግማሽ ነው።

ሞላ እኔ ነኝ። መርሳ ውስጥ ሞተር እጠመጥማለሁ። የወፍጮ ቤት ሞተር፣ የመስኖ ፓምፕ፣ ጄኔሬተር ተቃጥሎ ይመጣልኛል፤ የነደደውን ሽቦ አውጥቼ በአዲስ ጠምጥሜ እመልሳለሁ። ከሱቄ ማዶ፣ አስፋልቱን ተሻግሮ፣ ጋሽ ይማም ይኖራሉ። ጋሽ ይማም ጡረታ እስኪወጡ የከብት ሐኪም ነበሩ። ክትባት ተሸክመው ሀብሩ ወረዳን ዕድሜያቸውን ሙሉ በእግራቸው ስለዞሩ የማያውቁት ገደል፣ የማያውቁት በሬ አልነበረም። ገበሬው ሁሉ «ዶክተር» ይላቸዋል።

ጡረታ በወጡ ሰሞን ወልድያ ሄደው፣ መናኸሪያው አጠገብ መሬት ላይ ከተዘረጋ አሮጌ መጽሐፍ መካከል፣ ሽፋኑ የተገነጠለ አንድ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ገዝተው መጡ። ስለ ጥንት ግሪኮችና ስለ አማልክቶቻቸው የሚያወራ ነበር። ሦስት ሳምንት ከቤት አልወጡም። ሲወጡ ሌላ ሰው ሆነዋል።

መጽሐፉ ሁለት ነገር ይላል አሉኝ። አንደኛው፣ የግሪክ አማልክት እዚያ ተራራቸው ላይ ሲሰለቻቸው ኢትዮጵያ ይወርዱና ዐሥራ ሁለት ቀን ሲበሉ ሲጠጡ ይሰነብታሉ። ሁለተኛው፣ አንድ የኢትዮጵያ ንጉሥ ሴት ልጁን ለባሕር አውሬ ሊገብራት ከባሕር ዳር አለት ጋር አሰራት፤ የግሪክ ጎረምሳ እየበረረ መጥቶ ፈታት።

«ይሄ ሁሉ የሆነው የት ነው?» ብለው ጠየቁኝ።

እኔ ምን አውቄ!

«እዚህ ነዋ!» አሉና በከዘራቸው የሱቄን ወለል ወጉት።

ሳቅ ቢመጣብኝም ማስረጃቸው ማስረጃ ነበር። ለአማልክቱ በአንድ ግብዣ መቶ በሬ ነው የሚታረደው። መቶ በሬ ደጋ ላይ ምን ግጦ ይውላል? እዚህ ቆላው ሐራ ሜዳ ላይ ግን ይሰማራል። እግዜር ያሳያችሁ፣ የአማልክትን ማረፊያ በከብት መኖ ያሰላ ሰው ከጋሽ ይማም በፊት ይኖር ይሆን? ባሕሩስ የት አለ ብላቸው ሳቁብኝ።

«መርሳ በዐረብኛ ምንድን ነው?»

«ጋሽ ይማም፣ እኔ ዐረብኛ ከየት አምጥቼ?»

«ወደብ! መርከብ የሚቆምበት! ባሕር በሌለበት አገር ወደብ ብሎ ስም የሚያወጣ እብድ ነው? ባሕሩ ሸሽቷል እንጂ ነበር።» ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ይቺን ጎረቤታችንን ግራናንስ ልብ ብለሃታል? ልጅቷ ታስራ ጎረምሳውን ስትጣራ ነው። ግሪክ፣ ና! ግሪክ፣ ና! እያለች። በኋላ ሰው አፉ ላይ አሳጠረውና ግራና ሆነ።»

በዚህ ዓይነት በየቀኑ ከሱቄ በርጩማ ላይ ይቀመጡ ነበር። መስጊድ የሚያገኟቸው ሽማግሌዎች ሰግተው፣ ይማም በስተርጅና ጣዖት ልትከተል ነው ወይ ብለው ጠይቀዋቸዋል። «አስተግፊሩላህ! እኔ አላመልካቸው፤ አድራሻቸውን ነው የምፈልገው» ብለው መለሱ።

እወዳቸው ነበር። ይህን የምለው ጥፋቴን ለማቅለል አይደለም፤ እንዲያውም ያከብደዋል። የሚወዱትን ሰው ማሞኘት ከባዕድ ሰው ማሞኘት አይብስም?

ነገሩ የጀመረው በአንዲት ቃል ነው። አንድ ቀን ሱቄ በደንበኛ ሞልቶ ሳለ፣ እንደ ዋዛ፣ «ለመሆኑ እነዚህ ግሪኮች ዐሥራ ሁለት ቀን ሲበሉ አንዲት ድንጋይ እንኳ ሳይጽፉ ሄዱ?» አልኳቸው። ሰው ሳቀ። ጋሽ ይማም ቀና ብለው አዩኝና፣ «አንተ ሽቦ ጠምጥም። ይሄ ከሽቦ በላይ ነው» አሉኝ። ሰው አሁን በእኔ ሳቀ። በቃ፤ ይህችው ናት። ለዚህች ቃል ብዬ ነው ያን ሁሉ ያደረግሁት። ሳስበው አፍራለሁ፤ ትልቅ በደል አድርሰውብኝ ቢሆን እንኳ አንድ ነገር ነበር።

በወሩ ግራና አካባቢ ሑሴን የሚባል ገበሬ የመስኖው ጄኔሬተር ተበላሸበትና ጠራኝ። የመጀመሪያዋ ልጄ ገና አንደኛ ክፍል የገባች ሰሞን ነው፤ አሁን ዐሥራ ሁለተኛን ጨርሳለች። ጄኔሬተሩን ጠገንኩት። መሥራቱን ለማረጋገጥ አንድ ነገር ሰክቶ መሞከር ያስፈልጋል፤ እኔ ዘንድ የነበረው ግራይንደር ነው፣ ብረት የምንቆርጥበት። ሰካሁት፤ ጮኸ። ሑሴን ቦዩን ሊከፍት ወደ ማሽላው ወርዷል። አጠገቤ ሰው የለም። ከእርሻው ጫፍ ግን ወገብ የሚደርስ ጠፍጣፋ ድንጋይ ቆሟል።

የግሪክ ፊደል የት ተማርክ አትበሉኝ። ኤሌክትሪክ የነካ ሰው ሁሉ ጥቂት ያውቃል። ኦሜጋ መለኪያችን ላይ አለች። ማይክሮ አለች፣ ፋይ አለች። ሞተር የሚገናኝበት ስታርና ዴልታ አሉ፤ ስታር እንደ እንግሊዝኛው ዋይ ናት፣ ዴልታ ሦስት ማዕዘን። ሌላ ምን ያስፈልጋል? ድንጋዩ ፊት በርከክ አልኩ።

እዚህ ላይ ነው ያልነገርኳችሁ ነገር። ድንጋዩ ባዶ አልነበረም።

ፊቱ ላይ ጭረት ነበረ። ሦስት ረድፍ። ላዩ ላይ አጫጭር ቀጥ ያሉ መስመሮች፣ ከመካከላቸው አንድ ክብ፤ ከሥሩ ደግሞ ሌላ፤ ከዚያም ሥር ሌላ። የማረሻ ጭረት አልነበረም፤ ማረሻ ክብ አይሠራም። አየሁት። በዓይኔ አይቼዋለሁ፣ በእጄም ዳስሼዋለሁ። ምን አሰብኩ? ይህን አሰብኩ፦ «ፊቱ ሻካራ ነው፣ ፊደሌ አያምርልኝም።» ግራይንደሩን አስተኝቼ ፋቅሁት። ልስልስ እስኪል ፋቅሁት። ብናኙ አፍንጫዬን ሞላው፣ አስነጠሰኝ፣ ሳቅሁም። ከዚያ ዴልታዬን፣ ስታሬን፣ ኦሜጋዬን፣ ማይክሮዬን፣ ፋይዬን አሳምሬ ቀረጽኩ። አዲስ እንዳይመስል ጭቃና እበት ለቀለቅሁበት። ሑሴን ሲመለስ ዕቃዬን ሰብስቤ ጨርሻለሁ።

ክረምቱ እስኪያልፍ ጠበቅሁ። ዝናቡ አጠበው፣ ሽበት አወጣለት። በመስከረም ለጋሽ ይማም፣ በሑሴን እርሻ ጫፍ ላይ ጽሑፍ ያለበት ድንጋይ አይቻለሁ መሰለኝ አልኳቸው። በማግስቱ ሄዱ። ሲመለሱ በርጩማው ላይ ተቀመጡ።

«ሞላ» አሉኝ። «ወላሂ አለ።»

ያኔ መናገር እችል ነበር። ሳቄን ለቅቄ፣ ጋሽ ይማም ይቅር ይበሉኝ፣ ቀልዴን ነው ብል ከዘራቸውን አንስተው ትከሻዬ ላይ አንዴ ያሳርፉብኝና ያበቃል። ለምን አልተናገርኩም? ዓይናቸውን አይቼ። እንዲህ ደስ ያለው ሰው ዓይን አይቼ አላውቅም። ነገ እነግራቸዋለሁ አልኩ። ነገ ደግሞ ፊደሎቹን በትልቅ ደብተር ገልብጠው፣ ትርጉማቸውን ጀምረው መጡ። ዴልታ ተራራ ነው አሉ። ስታር፣ እጇን ወደ ላይ ዘርግታ የታሰረችው ልጅ ናት። ኦሜጋ፣ አፉን የከፈተው የባሕር አውሬ። እኔን ያስደነገጠኝ፣ ሲያነቡት ትክክል መምሰሉ ነው።

ከዓመት በኋላ ጋሽ ይማም ደብዳቤ ጽፈው ጽፈው፣ ከሩቅ ዩኒቨርሲቲ አንዲት የታሪክ ቅርስ መምህርት መጣች። ያን ቀን ግራና ሠርግ መሰለች። የቀበሌው ሊቀመንበር የድምፅ ማጉያ ይዞ ስለ ቱሪስት ንግግር አደረገ። ሑሴን ድንጋዩን በእሾህ አጥሮ፣ ዙሪያውን ጠርጎ፣ ለእንግዳ ማንጎ ከምሯል። ጋሽ ይማም በዚያ ሙቀት ሙሉ ልብስ ከነክራቫቱ ለብሰዋል። እኔስ? እኔ ከጎናቸው ቆሜ ጃንጥላ ይዤላቸዋለሁ። እንዴት ያለ ሰው ነኝ!

መምህርቷ ጎንበስ ብላ በጣቷ ዳሰሰችው። ፊቷ ተለወጠ። ጨዋ ልጅ ናት፤ «አባቴ፣ ለብቻችን እናውራ» አለቻቸው። ሊቀመንበሩ ግን ማጉያውን አፏ ላይ ደገነባት። ይህን ጊዜ ያመጣት ሾፌር በእሾሁ ላይ አንገቱን አስግጎ አየና ጮኸ።

«ኧረ ይሄማ ስታር ዴልታ ነው! የአክስቴ ወፍጮ ቤት የሞተር ሳጥን ላይ ተጽፏል እኮ!»

ድምፁ በማጉያው ገብቶ እስከ ገበያው ተሰማ። ከዚያ ሑሴን ግንባሩን መታ።

«የሞተሩ ልጅ! ሞላ! ያን ቀን እዚህ ጋ ሲያንጫጫ የዋለው ለካ ይሄንን ነው?»

የሳቁን ነገር አልነግራችሁም፤ ቢያንስ እሱን ሰምታችኋል። ማንጎ ሻጯ ሳትቀር መሬት ላይ ተቀምጣ ሳቀች። ሰው ትከሻዬን እየመታ «አንተ እርኩስ!» ይለኝ ነበር፤ በአድናቆት። ጋሽ ይማም ብቻ ክራቫታቸውን ቀስ ብለው ፈቱ፣ ጠቀለሉት፣ ኪሳቸው ከተቱት። መምህርቷ ጠጋ ብላ በጆሯቸው አንድ ነገር ነገረቻቸው።

ወደ መርሳ የተመለስነው በአንድ ባጃጅ ነው። ሌላ ባጃጅ አልነበረም። ከጎናቸው ተሸማቅቄ ተቀምጬ ስድብ ጠበቅሁ። አልተሳደቡም። ከተማው ሊገባ ሲል ነው የተናገሩት።

«ልጅቷ፣ ድንጋዩ ሳይጻፍበት በፊት በማሽን ተፍቋል ነው ያለችኝ። ከሥሩ የነበረ ነገር ካለ ከእንግዲህ አይታወቅም ነው ያለችኝ። ሞላ፣ በተጻፈው አልቀየምህም፤ ቀልድ ነው። አንድ ነገር ብቻ ንገረኝ። ከመፋቅህ በፊት እላዩ ላይ የሆነ ነገር ነበረ?»

«ምንም አልነበረም» አልኩ።

እንዲህ አልኩ። ሳላመነታ፣ ዓይናቸውን እያየሁ፣ ምንም አልነበረም አልኩ። ለምን? እሳቸውን እንዳያሳዝናቸው ብዬ ነው ልላችሁ እችላለሁ። ለራሴም ለብዙ ጊዜ እንዲህ ስል ኖሬያለሁ። ግን አይደለም። ያን ቀን አገር በሙሉ ቀልደኛ ብሎኛል፤ ቀልደኛ ሰው ይቅር ይባላል። ነበረ ካልኩ ግን ቀልደኛ መሆኔ ይቀራል። የጥንት ነገር ያጠፋ ሰው ልሆን ነው፤ ቅርስ አጥፊ ተብዬ ልጠየቅም እችላለሁ። ለራሴ ፈራሁ። ሰውየው የቀረቻቸውን አንዲት ነገር ጠየቁኝ፣ እኔ ለራሴ ስል ነጠቅኋቸው።

«እንግዲያስ የጠፋ ነገር የለም፣ የተሞኘሁት እኔ ብቻ ነኝ፣ አልሐምዱሊላህ» አሉና ወረዱ። ከዚያ ቀን ጀምሮ መጽሐፉን አልገለጡም። ግሪኮቹን ፍለጋ ተራራ መውጣታቸውንም ተዉ። ሲያገኙኝ ሰላም ይሉኛል፣ የልጆቼን ደህንነት ይጠይቃሉ። አለመቆጣታቸው ነው የገደለኝ።

የተቸገሩት ሚስታቸው እትዬ ዘይነባ ናቸው። ሥራ የፈታ የከብት ሐኪም ቤት ሲውል ምን እንደሚሆን የሚያውቁት እሳቸው ናቸው። ጋሽ ይማም የሰፈሩን ዶሮ ሁሉ በየወሩ ይከትባሉ፤ ዶሮዎቹ ሲያዩዋቸው ግንብ ይዘላሉ። በርበሬ በቁመቱ ይለያሉ። ወጥ ሲሠራ አጠገቡ ቆመው የሽንኩርቱን አቆራረጥ ያርማሉ። እትዬ ዘይነባ መንገድ ላይ ባገኙኝ ቁጥር «የሠራኸኝን ሥራ አላህ ይየው» ይሉኝ ነበር። በዚህ ሁኔታ ዐሥር ዓመት ሊሞላ ሆነ። አምና ግን ሱቄ ድረስ መጥተው በሩ ላይ ቆሙ።

«ሞላ፣ አሁንስ በቃኝ። ወይ ግሪኮቹን መልስልኝ፣ ወይ ሰውየውን አንተ ውሰደው።»

እኔ ሳቅሁ፤ እሳቸው አልሳቁም። ዓይናቸው እንባ ሞልቷል። «ይሄ እኮ አይናገርም» አሉኝ። «ሌላውን ሁሉ ያወራል። የሚያስበውን ግን አይናገርም።»

በዚያው ቀን ከሰዓት አስፋልቱን ተሻገርኩ። ጋሽ ይማም ግቢያቸው ውስጥ ከማንጎው ሥር ነበሩ። አልተቀመጥኩም፤ ቆሜ ነገርኳቸው። ድንጋዩ ላይ ጭረት ነበረበት፣ አይቼዋለሁ፣ ሆን ብዬ ፍቄዋለሁ፣ ባጃጅ ውስጥ ዋሽቼዎታለሁ አልኩ።

ቀና ብለው አዩኝ።

«ዐሥር ዓመት፣ ሞላ» አሉ።

«አዎ ጋሽ ይማም።»

«እኔ እኮ አርጅቻለሁ።»

መሬት መሬት አየሁ። ተነሥተው ወደ ቤት ገቡ። ከዘራ ይዘው ይመጣሉ ብዬ ነበር፤ ቢያመጡም ጀርባዬን ለመስጠት ቆርጬ ነበር። ይዘው የወጡት ደብተርና እርሳስ ነው። በርጩማ ላይ አስቀምጠውኝ ጉልበቴ ላይ አኖሩልኝ።

«ሳለው።»

ሳልኩት። የመጀመሪያው ረድፍ አልቸገረኝም፤ ቀጥ ቀጥ ያሉት መስመሮችና ክቡ ዛሬም ዓይኔ ላይ ናቸው። ሁለተኛው ረድፍ፣ እንጃ፣ ግማሹን አስታወስኩት። ሦስተኛው ላይ ስደርስ ግን ቆምኩ። ምንም የለም። ብናኝ ብቻ ነው የታየኝ።

«ሦስተኛውስ?» አሉኝ። ቀና ብዬ አየኋቸው። ያ ዓይናቸው ተመልሷል። ያ ድንጋዩን አይተው የመጡ ዕለት የነበራቸው ዓይን። ከኋላቸው እትዬ ዘይነባ በሩን ተደግፈው ቆመዋል።

እጄ በራሷ ሄደች። እንደ ማበጠሪያ ያለ ነገር፣ ጥርስ ጥርስ ያለው፣ ጫፉ ወደ ታች የታጠፈ፣ አሳምሬ ሳልኩ። ከየት እንዳመጣሁት አላውቅም። ከድንጋዩ ግን አላመጣሁትም።

«ጀዛከላህ» ብለው አመሰገኑኝ፤ ግንባሬንም ሳሙኝ።

ይኸውላችሁ። ለማንም ያልነገርኩት ይህንን ነው። ሰው የሚያውቀው ቀልዱን ነው፤ ጋሽ ይማም የሚያውቁት ፍቄ መዋሸቴን ነው። ይቅርታ ልጠይቅ ሄጄ፣ ይቅርታውን እየተቀበልኩ ሳለ ሦስተኛ ጊዜ እንዳታለልኳቸው ግን እኔ ብቻ ነኝ የማውቀው። ለንስሐ በሄድኩበት እርሳስ ቢሰጡኝ ያንኑ የሠራሁ ሰው ምን ይሉኛል?

አሁን ጋሽ ይማም ደህና ናቸው። ከደህናም በላይ። ያችን ወረቀት በፕላስቲክ አስለብሰው ጠዋት ባጃጅ ይይዛሉ፣ ከሰዓት አቧራ ለብሰው ይመለሳሉ። ግሪኮቹን እንኳ ትተዋቸዋል፤ የማንም ይሁን፣ የጻፈውን ሰው ነው የምፈልገው ይላሉ። ዶሮዎቹ ዐርፈዋል። እትዬ ዘይነባ ባለፈው ጁምዓ አንድ ሳህን ሩዝ በሥጋ ላኩልኝ፤ በላሁት።

ባለፈው ማክሰኞ ጋሽ ይማም እያለከለኩ ሱቄ ገቡ። ከሲሪንቃ በላይ ካለው ተራራ ነው የመጡት። ስልካቸውን አወጡና ፎቶ አሳዩኝ። አንድ ትልቅ ድንጋይ ነው፤ ግማሹ በቁልቋል ተሸፍኗል፣ ጣታቸውም ጥግ ላይ ገብቷል። ከታች በኩል መስመሮች አሉ። ስንጥቅ ይሁኑ ጭረት አይለዩም። ወረቀቱን ከጎኑ አስጠግተው፣ ሦስተኛውን ረድፍ፣ የእኔን ማበጠሪያ፣ በጥፍራቸው አሳዩኝ።

«ያው ነው አይደል?»

ሦስት ደንበኞች ቆመው ያያሉ። ፎቶውን አየሁ፣ እሳቸውን አየሁ።

«ይመስላል» አልኩ።

ይመስላል ማለት ውሸት አይደለም የምትሉኝ ካላችሁ አመሰግናለሁ፤ ግን አትልፉ። ውሸት ነው። ያልኩት እኔ ነኝ፤ ምን ማለቴ እንደነበረም አውቀዋለሁ።

ቅዳሜ ድንጋዩን በአካል ሊያሳዩኝ ቀጥረውኛል። ያን ዳገት በዚያ ጉልበታቸው እየተደገፉኝ ሊወጡት ነው። እዚያ ቆሜ ሦስተኛውን ረድፍ ከገዛ ራሴ እንዳመጣሁት ካልነገርኳቸው፣ እናንተም ይቅር አትበሉኝ።